የአሮጌ አውቶሞቢል ድምፅና ብርድ በአርሲ ደጋ

ከአዳማ ተነሥቶ ወደ አሰላ የሚጓዝ መንገደኛ 75 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆን መንገድ ላይ ከአንድ የአየር ንብረት ወደ ሌላው ይሻገራል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች የስምጥ ሸለቆ ከተማ ስትሆን፣ አሰላ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ከ2,400 ሜትር በላይ ትገኛለች። ዴራን፣ ኢተያንና ጎንዴን እያለፈ የሚወጣው መንገድ ቆላውን ከኋላው ጥሎ ወደ ስንዴና ገብስ አገር ይገባል። ከአሰላ አልፎ በሳጉሬ በኩል ወደ በቆጂ ለሚዘልቀው መንገደኛ ደግሞ ከፍታው ወደ 2,800 ሜትር ይጠጋል፤ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ የንጋቱ ብርድ አጥንት ይሰብራል።

ይህ የከፍታ ልዩነት ለተሳፋሪው የብርድ ጉዳይ ሲሆን ለአውቶሞቢሉ ግን የድምፅም ጉዳይ ነው። በአሰላ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ያለ ተጨማሪ መጭመቂያ አየር በመሳብ ብቻ የሚሠራ አሮጌ ሞተር የሚያገኘው አየር በዚያው መጠን ስለሚሳሳ ከጉልበቱ ሩቡን ገደማ ያጣል። ነጂው ዳገቱን ለመውጣት ማርሽ ይቀንሳል፤ ማርሹ በቀነሰ ቁጥር ሞተሩ በብዛት ይሽከረከራል፤ ሞተሩ በብዛት በተሽከረከረ ቁጥርም ጩኸቱ ይበረታል። በአዳማ ሜዳ በአራተኛ ማርሽ እያንጎራጎረ ይሄድ የነበረው መኪና ከኢተያ በላይ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ እየጮኸ ይወጣል። ተሳፋሪው መስኮቱን ቢከፍት ብርዱ፣ ቢዘጋ ጩኸቱ ያስቸግረዋል። ሁለቱ ችግሮች የተለያዩ ቢመስሉም ታሪካቸው አንድ ነው፤ ድምፅና ብርድ በአብዛኛው የሚገቡት በአንድ ቀዳዳ ነውና።

አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ በገባበት ጊዜ ስለዚህ ነገር የሚያስብ አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሊ ከጅቡቲ ተነሥቶ እጅግ አድካሚ ከሆነ ጉዞ በኋላ አዲስ አበባ ያደረሰውና ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው የተሳፈሩበት የሲድሌይ አውቶሞቢል ግድግዳና መስኮት ያልነበረው፣ ከሠረገላ ብዙ ያልራቀ ነገር ነበር። በዚያ ዘመን ብርድን መከላከል የመኪናው ሳይሆን የተሳፋሪው ሥራ ነበር፤ ካባና በርኖስ ለዚሁ ይበቃሉ። ድምፁም ቢሆን በሜዳ ላይ ስለሚበተን ከተሳፋሪው ይልቅ በመንገድ ዳር ያለውን በቅሎ ያስደነብር ነበር።

ችግሩ የተወለደው መኪናው ቤት በሆነ ጊዜ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1919 ከተሸጡት የቤት አውቶሞቢሎች ዝግ የነበሩት አንድ አሥረኛው ገደማ ብቻ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1927 ግን 85 በመቶ ደርሰዋል። በስምንት ዓመት ውስጥ የሰው ልጅ ከክፍት ሠረገላ ወደ ብረት ሣጥን ገባ ማለት ነው። ቀድሞ በእንጨት ማገር ላይ ይለጠፍ የነበረው ግድግዳ ቀስ በቀስ ወደ ሙሉ ላሜራ ሲለወጥ ሌላ እንግዳ ነገር ተከሰተ። ሰፊና ስስ ላሜራ በተፈጥሮው ከበሮ ነው፤ ከሞተሩና ከመንገዱ የሚመጣው ንዝረት ሲደርሰው ራሱ ይጮኻል። ፋብሪካዎች መፍትሔውን በሁለት ነገሮች አገኙት። አንደኛው ከተጨመቀ ሱፍና ከጨርቅ ብጥስጣሽ የሚሠራ ወፍራም ንጣፍ ሲሆን ሁለተኛው በላሜራው ላይ የሚለጠፍ ቅጥራን የተነከረ ወረቀት ነው። ይህ ጥበብ ምን ያህል ሊራቀቅ እንደሚችል ለማሳየት አንድ ሮልስ ሮይስ በሰዓት 60 ማይል ሲበር ከሁሉ የሚጎላው ድምፅ የክሩስኮቱ የኤሌክትሪክ ሰዓት ነው የሚል ማስታወቂያ እ.ኤ.አ. በ1958 በአሜሪካ ጋዜጦች ወጥቶ ነበር። ማስታወቂያ ማጋነን ባሕርዩ ቢሆንም፣ ጸጥታ እንደ ጉልበትና እንደ ፍጥነት የሚሸጥ ዕቃ መሆኑን ማረጋገጡ አልቀረም።

ወደ አገራችን የገቡት መኪናዎች አብዛኞቹ ከዚያ ዓይነት ጸጥታ የራቁ ነበሩ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረው የጣሊያን ወረራ ጭኖ ያመጣቸው የጭነት መኪናዎች የተሠሩት ለጦር ሥንቅ እንጂ ለጆሮ ምቾት አይደለም። ወራሪው ሲወጣ መኪናውና መንገዱ ብቻ ሳይሆን ቋንቋውም ቀረ። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ካንዴላ፣ ኮፈን የሚሉት ቃላት በየጋራዡ እስከ ዛሬ ይነገራሉ። ላሜራና ታፒሰሪ፣ ማስቲሽና ሞኬትም እንዲሁ። ከዚህ መዝገበ ቃላት ግን አንድ የሥራ ክፍፍል አብሮ ተወርሷል፤ መካኒኩ ለሞተሩ፣ ላሜራ ሠሪው ለአካሉ፣ ታፒሰሪው ለወንበሩና ለሽፋኑ ኃላፊ ነው። ድምፅን የማፈንና ሙቀትን የማቆየት ሥራ በሦስቱ መካከል ስለሚወድቅ የማንም አይደለም። ታፒሰሪው ከላይ ያማረ ሞኬት ሲያነጥፍ ከሥሩ ያለውን የዛገ ላሜራ አያይም፤ ላሜራ ሠሪው ሲበይድ የፋብሪካውን ቅጥራን አቃጥሎ ያነሣና ሳይመልሰው ቀለም ይቀባል። ብዙ አሮጌ መኪና ከጥገና በኋላ ከበፊቱ ይልቅ የሚጮኸው በዚህ ምክንያት ነው።

ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ትልቁ ጩኸት በአገራችን ኤንትሬ እየተባለ የሚጠራው የፊያት 682 ነው። በአፍሪካ መንገዶች ላይ ባሳየው ጽናት ጣሊያኖች የአፍሪካ ንጉሥ ያሉት ይህ የጭነት መኪና ከ10 ሊትር በላይ የሚይዘው የናፍጣ ሞተሩ የተተከለው ከፊት ለፊት ሳይሆን ካቢናው ውስጥ፣ በነጂውና በረዳቱ መካከል ነው። በደጋ ብርድ ይህ አቀማመጥ እንደ በረከት ይቆጠር ነበር፤ ሞተሩ ምድጃ ሆኖ ካቢናውን ያሞቃል። ነገር ግን የሚያሞቀው ያው ሞተር ያደነቁራል። የሥራ ጤና ጠበብት ሰው በቀን ለስምንት ሰዓት ያለ ጉዳት ሊታገሠው ይችላል የሚሉት ድምፅ 85 ዴሲቤል ነው፤ ከዚህ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በ88 ዴሲቤል አራት ሰዓት፣ በ91 ዴሲቤል ሁለት ሰዓት ብቻ ይሆናል ማለት ነው። በዕድሜ የገፉ የከባድ መኪና ነጂዎች በቤታቸውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መናገራቸውን ጠባይ አድርጎ የሚቆጥረው ብዙ ነው፤ ጉዳት መሆኑን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

በአርሲ ደጋ የሞተር ድምፅ የዕለት ተዕለት ነገር የሆነው ከ1950ዎቹ ወዲህ ነው። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ የጠቅላይ ግዛቶች መንገዶች እየተጠገኑ ሄዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ደግሞ ካዱ በሚል አሕጽሮት የታወቀው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት በስዊድን መንግሥት ዕርዳታ አሰላን ማዕከል አድርጎ ሥራ ጀመረ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ፣ የወተት ከብትና የገበሬ ሥልጠና ይዞ የመጣው ይህ ድርጅት በአገሪቱ የእርሻ ታሪክ ያለው ስፍራ ሰፊ ስለሆነ እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም። ለዚህ ጽሑፍ የሚበቃው በዚያ ዘመን የገጠር ልማት ሲነሣ ከመንገድ ውጭ የሚሄድ መኪና፣ በተለይም ላንድሮቨር፣ አብሮ የሚነሣ መሆኑ ነው።

ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 1948 በአምስተርዳም ትርዒት ለዓለም ሲቀርብ የተሠራው ለገበሬ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ ብረት በራሽን ይታደል ስለነበር አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ፣ ሻንሲውና ከሞተሩ ፊት ያለው ግድግዳ ከብረት ተሠሩ። ይህ የችግር ዘመን ውሳኔ ለዝገት መልካም ሲሆን ለድምፅ ግን ክፉ ነው፤ ስስ አሉሚኒየም ቀላል ስለሆነ የሚመልሰው ድምፅ ትንሽ ነው። ሰፋፊ ግድግዳዎቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ በሮቹ በሚገባ አይገጥሙም፤ የካምቢዮው ጩኸት ከመሐል ወንበር ሥር ይወጣል፤ ተንሸራታች መስኮቶቹም በጠጠር መንገድ ላይ ያለማቋረጥ ይንቃጨላሉ። ፋብሪካው ለሞቃት አገሮች ያዘጋጀው አንድ ብልሃት ግን ለአርሲ ደጋም ይበጃል። ይኸውም በመካከሉ አየር እንዲያልፍ ተደርጎ የሚሠራው ድርብ ጣራ ነው። የታሰበው ፀሐይን ለመከላከል ቢሆንም፣ በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ በጣራው ላይ ሲወርድ ድርቡ ጣራ ከነጠላው ይልቅ ድምፁን ያለዝባል።

የስዊድኖች ነገር ከተነሣ ከትራክተር ታሪክ አንድ ነገር መጨመር ተገቢ ይሆናል፤ ከአውቶሞቢሉ ጉዳይ ጋር ያለው ዝምድና ቅርብ ነውና። በስዊድን ትራክተር እየተገለበጠ ገበሬዎችን ይገድል ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ የሚሸጥ ትራክተር ሁሉ ጠንካራ የደኅንነት ካቢና እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። በመገልበጥ የሚሞተው ሰው ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ። ነገር ግን በክፍት ሜዳ ይበተን የነበረው የሞተር ድምፅ አሁን በብረት ሣጥን ውስጥ ታምቆ በነጂው ራስ ዙሪያ ማስተጋባት ጀመረ። ሕይወትን ያዳነው ካቢና ጆሮን አጠፋ። እንግሊዝ ይህን ተመልክታ በካቢና ውስጥ የሚሰማው ድምፅ ከ90 ዴሲቤል እንዳያልፍ በሕግ የወሰነች ሲሆን ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1976 በሥራ ላይ ዋለ፤ ጸጥተኛ የሚባሉት ካቢናዎች የተስፋፉት ከዚያ ወዲህ ነው። በውስጣቸው ያለው ነገር ከአውቶሞቢሉ የተለየ አይደለም፤ ካቢናውን ከሻንሲው የሚለይ የጎማ ትራስ፣ በወለሉ ላይ ከባድ ምንጣፍ፣ በጣራው ሥር ስፖንጅ፣ በየፔዳሉ ቀዳዳ ዙሪያ የጎማ መዝጊያ። በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳ ላይ የሚሠሩ አሮጌ ትራክተሮች ብዙዎቹ ክፍት በመሆናቸው ከማስተጋባቱ ቢድኑም ከመገልበጡ አልዳኑም።

እንደ ሕግ ሊያዙ የሚገባቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ሆኖም ሥራውን በዘፈቀደ የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚስተው እነዚህኑ ነው። መጀመሪያ ነገር የሚንቀጠቀጠውን ላሜራ ማስታገስ ነው። ላሜራውን በእጅ ጣት ጉልጥምት መታ መታ ሲያደርጉት እንደ ድስት ክዳን የሚጮህ ከሆነ መሐል መሐሉ ላይ እንደ ቅጥራን ያለ ከባድና ተለጣፊ ነገር መለጠፍ ይበቃል፤ ሙሉውን መሸፈን ክብደት ከመጨመር በቀር ያን ያህል ጥቅም የለውም። ከዚያ በኋላ በአየር የሚመጣውን ድምፅ የሚመልሰው ክብደት ነው፤ የግድግዳው ክብደት በእጥፍ ቢጨምር ድምፁ እስከ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ለስላሳና ባለ ቀዳዳ ነገር፣ ማለትም ሱፍ ወይም ስፖንጅ፣ ብቻውን ድምፅን አይመልስም፤ የገባውን እንዳያስተጋባ ይውጠዋል እንጂ። ከሁሉ በላይ ግን ቀዳዳው ነው። ከግድግዳው ስፋት አንድ መቶኛ የሚሆን ክፍተት ቢተው ግድግዳው የቱንም ያህል ወፍራም ቢሆን ከ20 ዴሲቤል በላይ ሊከላከል አይችልም። በአሮጌ መኪና ያለቀ የበር ጎማ መለወጥ ወለሉን ሁሉ በሞኬት ከማልበስ የሚበልጠው ለዚህ ነው፤ ዋጋውም ያንሳል። ብርዱም በዚያው ይዘጋል።

እነዚህ ነገሮች በይበልጥ የሚታዩት በቮልስ ላይ ነው። ቮልስዋገን በኢትዮጵያ የመምህሩ፣ የጸሐፊውና የነጋዴው መኪና ሆኖ ብዙ ዘመን ኖሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ የመጨረሻው እስኪወጣ ድረስ በዓለም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። በ1950ዎቹ የነበረው ባለ 1,200 ሲሲ ሞተር ጉልበቱ 34 የፈረስ ጉልበት ሲሆን በአሰላ ከፍታ ወደ 25 ይወርዳል። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነና በውሃ ሳይሆን በአየር ስለሚቀዘቅዝ ድምፁ ሸፋኝ የውሃ ልባስ የለውም፤ በኋላ ወንበር የሚቀመጥ ሰው ከሞተሩ የሚለየው አንድ ላሜራና አንድ የቅጥራን ወረቀት ነው። ያ ወረቀት በሃምሳና በስልሳ ዓመት ውስጥ ደርቆ ይፈረፈራል፤ በብዙ ቮልሶች ላይ ዛሬ ምልክቱ ብቻ ቀርቷል።

የቮልስ ማሞቂያም የተለየ ነው። ከጢስ መውጫው ቱቦ ዙሪያ የተሞቀው አየር በወለሉ ግራና ቀኝ ባሉት ባዶ የብረት ቧንቧዎች አልፎ ወደ እግርና ወደ መስታወት ይደርሳል። እነዚያ ቧንቧዎች የመኪናው የጎን አጥንቶችም ናቸው። በዝናባማው ደጋ መጀመሪያ የሚዝጉት እነሱ ስለሆኑ ሙቀቱ መንገድ ላይ ይባክናል፤ ነጂው በበቆጂ ንጋት እጁን እያፍተለተለ ይነዳል። ከብርዱ የሚከፋ ነገርም አለ። የማሞቂያው ሣጥን ራሱ ከዛገ የጢስ መርዝ፣ ማለትም ሽታና ቀለም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ከሞቃቱ አየር ጋር ይገባል። ይህን ሳይመረምሩ በሮቹንና ቀዳዳዎቹን ሁሉ ማሸግ መኪናውን ጸጥተኛ መቃብር ማድረግ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በቮልስ ላይ የማሸግ ሥራ የሚጀምረው ከካቢናው ሳይሆን ከሞተሩ ክፍል ነው።

በዚያው ክፍል ሌላም ስሕተት ይፈጸማል። ድምፁ ከኋላ ስለሚመጣ ብዙ ሰው የሞተሩን ክፍል ውስጡን በወፍራም ስፖንጅ ማልበስ ያምረዋል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው አየር ግን ከኋላ መስታወት በታች ባሉት ሽንቁሮች ነው የሚገባው፤ ስፖንጁ ተልጦ ወይም ተንጠልጥሎ እነሱን ቢያፍን በስስ የደጋ አየር ቀድሞውንም በጭንቅ የሚቀዘቅዘው ሞተር ይቃጠላል። በሞተሩ ዙሪያ ያለው የጎማ መዝጊያም ከታች ያለው የጋለ አየር ተመልሶ እንዳይሳብ የሚከለክል እንጂ ለጌጥ የተደረገ አይደለም። ከኋላ ወንበር ሥር ደግሞ ባትሪው አለ። የወንበሩ የብረት ስፕሪንግ በተሳፋሪ ክብደት ወርዶ የባትሪውን ሁለት ጫፎች ቢነካ ፍንጣሪው በላዩ ያለውን ቃጫና ስፖንጅ ያያይዘዋል። ፋብሪካው በባትሪው ላይ መክደኛ ያደረገው ለዚህ ሲሆን፣ ታፒሰሪው ወንበሩን ሲያድስ ያንን መክደኛ አውጥቶ መጣሉ የተለመደ ነው። ትርፍ ስፖንጅ የተጨመረበት ለስላሳ ወንበር ከመክደኛው ውጭ የእሳት ማገዶ ነው።

በቁሳቁስ ረገድ የኢትዮጵያ ጋራዥ ያገኘውን ሁሉ ሲጠቀም ኖሯል፤ ጆንያ፣ ካርቶን፣ አሮጌ ብርድ ልብስ፣ የጎማ ቁራጭ፣ ፋይዚት። የጎማ ቁራጭ መናቅ የለበትም፤ በርባሶ ጫማ ሆኖ የሚያገለግለው ያው ነገር በወለል ላይ ሲነጠፍ ከባድና ተጣጣፊ በመሆኑ ለድምፅ ከብዙ ውድ ምንጣፍ ይሻላል። ሱፍም እንዲሁ የታመነ ነው። ብረት ከሱፍ ይልቅ ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ ሙቀት ያስተላልፋል፤ የመንዝ ሰው ባና ደርቦ የደጋን ሌሊት የሚያሳልፈው በቃጫዎቹ መካከል በሚታሰረው የረጋ አየር ነው። የደብረ ብርሃን ፋብሪካ ብርድ ልብስም በጣራ ላይ ቢለጠፍ ያንኑ ያደርጋል። ሱፍ በቀላሉ አለመንደዱ ሌላው ጥቅሙ ሲሆን፣ ርካሹ ስፖንጅ ግን ፈጥኖ ይያያዛል፤ ጢሱም መርዝ ነው።

ከሁሉ ይልቅ አሳሳች ሆኖ የተገኘው ሬንጅ ነው። ለመንገድ የሚፈላው ሬንጅ በቀላሉ ስለሚገኝና የፋብሪካውን ቅጥራን ስለሚመስል በወለልና በጣራ ላይ የሚቀቡት አሉ። ይሁን እንጂ የመንገድ ሬንጅ በ45 እና በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ይለሰልሳል፤ በአዳማ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ጣራ ደግሞ ከዚህ በላይ ይግላል። አሰላ ላይ የተቀባው ሬንጅ አዳማ ሲደርስ በጣራው ልብስ በኩል ይንጠባጠባል፤ ተመልሶ በቆጂ ሲወጣ በብርዱ ደርቆ ይሰነጠቃል። ሽታውም ከመኪናው አይወጣም። ሬንጅ በወለሉ ሥር፣ ከመኪናው ውጭ፣ የራሱ ቦታ አለው፤ በተሳፋሪ ራስ ላይ ግን የለውም።

የደጋው ዋና ጠላት ሆኖ የቆየው ውሃ ነው። አምስት ሰዎች መስኮት ዘግተው ሲጓዙ እስትንፋሳቸው በቀዝቃዛው ላሜራ ላይ ጤዛ ይሆናል፤ ጤዛው ከሽፋኑ ጀርባ ወርዶ በሱፉና በጆንያው ውስጥ ይከማቻል። በጭቃ ጫማ የሚገባው ይጨመርበታል። የፋብሪካው ንጣፍ ውሃ የሚወጣባቸውን የወለል ቀዳዳዎች ትቶ የተቆረጠ ሲሆን የጋራዡ ምንጣፍ ግን ከዳር እስከ ዳር በማስቲሽ ይለጠፋል፤ ቀዳዳዎቹም ይደፈናሉ። ከላይ ደረቅ የሚመስለው ወለል ከሥሩ ዓመቱን በሙሉ እርጥብ ይሆናል። በላንድሮቨር ላይ ችግሩ መልኩን ይለውጣል፤ አሉሚኒየሙና ብረቱ በሚገናኙበት ቦታ እርጥብ ንጣፍ ካለ ሁለቱ እንደ ባትሪ ሆነው አሉሚኒየሙ ወደ ነጭ ዱቄት ይለወጣል። አለመዛጉ የተመሰከረለት መኪና በምቾት ይበላል።

ይህን ሥራ በጥርጣሬ የሚያዩት ነጂዎች ምክንያት አላቸው። አሮጌ መኪና የሚነዳ ሰው መሣሪያው ጆሮው ነው። ያለቀ ኩሽኔታ፣ የላላ ብሎን፣ የተቃጠለ ጓርኒሲዮን ክሩስኮቱ ላይ መብራት አያበሩም፤ ድምፅ ያሰማሉ እንጂ። የዘይቱ ግፊት ሲወድቅ ከአመልካቹ በፊት የሚናገረው ሞተሩ ነው። በዚህ ረገድ ተሳፋሪውና ነጂው ጥቅማቸው ይለያያል፤ አንዱ ጸጥታ፣ ሌላው ወሬ ይፈልጋል። ሆኖም ክርክሩ በሚገባ ሲመረመር የነጂው አቋም ሙሉ አይሆንም። በሚንጫጫ ላሜራና በሚያፏጭ በር መካከል ያን ስስ የኩሽኔታ ድምፅ መለየት የበለጠ ይከብዳል፤ ከበሮው ዝም ሲል ሞተሩ ይሰማል። መንቀጥቀጡን አስታግሦ፣ ቀዳዳውን ደፍኖ፣ ወፍራሙን ንጣፍ ግን በመጠኑ ማድረግ ሁለቱንም ያስታርቃል።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ አዲስ የግል አውቶሞቢል ማስመጣት እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የገቡት መኪናዎች ከታሰበላቸው ዕድሜ በላይ ሠሩ። የጭነት መኪና ጀርባ አግዳሚ ወንበር ተደርጎለት ተሳፋሪዎች ፊት ለፊት የሚቀመጡበት ታክሲ በዚያ ዘመን ከነበሩት የውይይት ክበቦች የተነሣ ውይይት ተባለ፤ በጩኸቱ ምክንያት በውስጡ ውይይት ማድረግ አለመቻሉ ግን የስሙ ምፀት ነው። በኋላ የመጡት ላዳዎች በዚህ ረገድ ለደጋ ተስማሚ ሆነው ተገኙ። መሠረታቸው ፊያት 124 ቢሆንም ለሩስያ ክረምትና ለክፉ መንገድ ተብሎ ላሜራቸው ወፍሯል፤ ማሞቂያቸውም ብርቱ ነው። ወፍራም ላሜራ ያነሰ ይጮኻል። ሶቪየቶች ስለ ተሳፋሪ ምቾት ብዙ አልተጨነቁም የሚለው ትችት እውነት ቢሆንም፣ በብርድ አገር የተሠራ መኪና ብርድን ማወቁ አይቀርም።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ አውቶሞቢሎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። አንዱ ውጤት ጸጥተኛው የኤሌክትሪክ መኪና በየከተማው መታየቱ ነው፤ ሌላው ግን አሮጌው መኪና ምትክ ስለሚወደድበት ከባለቤቱ እጅ አለመውጣቱ ነው። ዛሬ በገበያ ላይ ከቅጥራን የተሻለ፣ በሙቀት የማይፈስ፣ ከሰው ሠራሽ ጎማ ተሠርቶ በአሉሚኒየም የተሸፈነ ተለጣፊ ንጣፍ ይገኛል። ዋጋው ውድ ስለሆነ መሐል መሐሉን ብቻ መለጠፍ የሚለው የቀድሞ ሕግ በዚህ ላይ ይበልጥ ይሠራል። የቀድሞውን ንጣፍ ሲያነሡ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ በዚያ ዘመን በሙቀት መከላከያ ወረቀትና በጓርኒሲዮን ውስጥ አስቤስቶስ ይገባ ስለነበር በደረቁ መፋቅና አቧራውን በአየር ማባረር ሳንባን የሚጎዳ ነው። ውሃ አርከፍክፎ ቀስ ብሎ ማንሣት ይገባል።

የአርሲ ደጋ ቮልስ ወይም ላንድሮቨር ባለቤት ይህን ሥራ የሚጀምርበት ተስማሚ ጊዜ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ምንጣፉ ተነሥቶ ወለሉ በጥቅምት ፀሐይ ሁለት ሦስት ቀን ይደርቃል፤ ዝገቱ ተፍቆ ይቀባል፤ የውሃ ቀዳዳዎቹ ይከፈታሉ፤ የበሮቹ ጎማ ይለወጣል። አዲሱ ምንጣፍ በማስቲሽ ሳይሆን በቁልፍ ወይም በክብደቱ ብቻ እንዲቀመጥ ይደረጋል፤ በሚቀጥለው መስከረም እንደገና ሊነሣ ነውና።